ትንንሾቹ ምቶች

እሑድ፣ ነሐሴ 4

ይህን ደብተር ባለቤቴ ባንቺአየሁ የገዛችልኝ የደም ግፊት ኪኒን የወሰድኩበትን ሰዓት እንድመዘግብበት ነው። ኪኒኑን ሳልመዘግበውም አልረሳውም። ሌላ ነገር እጽፍበታለሁ።

መሥሪያ ቤታችን እዚህ ዐረብ አገር፣ ሙሳፋህ ውስጥ የድምፅ ዕቃ ያከራያል፤ ስፒከር፣ ማይክ፣ መብራት፣ ከበሮ። እኔ ድምፅ ተቆጣጣሪ ነኝ፤ አሥራ አራተኛ ዓመቴ። ኑርሁሴን ዕቃ ጫኝ ነው። የደሴ ሰው ነው፣ ሠላሳ አራት ዓመቱ። ሐሙስ ዕለት ሙዲሩ፣ ሥራ አስኪያጃችን፣ ጫኞቹን ሰብስቦ የጭነቱን ሥራ ለሌላ ድርጅት እንደሰጠ ነገራቸው። የኑርሁሴን ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ መስከረም 30 ያልቃል። እስከዚያ ፈቃዱን የሚያወጣለት ሌላ ካፊል ካላገኘ አገሩ ይገባል።

አንድ በር አለ። አል ዐይን ላይ ለብርዱ ወራት በየቀኑ የሚታይ የመድረክ ትርዒት እየተዘጋጀ ነው። ከበሮ መቺ ይፈልጋሉ። የሁለት ዓመት ውል ነው፣ ኢቃማውንም እነሱ ያወጣሉ። የሙዚቃው ኃላፊ አብዱረሂም የሚባል ሱዳናዊ ሲሆን፣ እስከ መስከረም 3 ድረስ የሦስት ዘፈን ቅጂ ይድረሰኝ ብሏል።

ኑርሁሴን ሜታል የሚባለውን ከባድ ሮክ ይመታል። ሜታል የማያውቅ ሰው ጩኸት ይለዋል። እኔም እል ነበር።

«ጋሼ ፍሬው፣ አንተ ትቀዳኛለህ» አለኝ።

«ዱባይ ስንት ስቱዲዮ እያለ?»

«አንተ እያለህ?»

ደስ አለኝ። ደከመኝም።


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

አል ኻሊዲያ፣ የሆቴል አዳራሽ፣ የአንድ ድርጅት ስብሰባ። ተናጋሪዋ መድረክ ላይ እንደወጣች ሰዎች ጆሯቸውን ሲይዙ አየሁ። ስፒከሩ ጮኾ መሆን አለበት። የድምፅ መቆጣጠሪያ ዴስኩን ምሰሶ ጀርባ ነው ያስቀመጡብኝ፤ ከዚያ ምን ይሰማል? ኑርሁሴን ከየት እንደመጣ ሳላየው አጠገቤ ደርሶ አንዱን ቁልፍ ወደ ታች ሳበው። ሰዎቹ እጃቸውን አወረዱ።

ዴስኩን እዚያ ያስቀመጠው ማን እንደሆነ ነገ እጠይቃለሁ።

ዐሥራ አምስት ሰዓት በእግሬ።


ዓርብ፣ ነሐሴ 9

ከጁምዓ በኋላ ልምምድ ነበራቸው። የመጋዘኑን ኋላ ክፍል ዓርብ ዓርብ ሙዲሩ ይፈቅድላቸዋል፤ ዕቃችንን እስካልሰበሩ ድረስ። ሦስት ናቸው። ጊታር የሚመታው ሕንድ የአሳንሰር ጠጋኝ ነው። የሚዘፍነው ሶሪያዊ ሙሳፋህ ውስጥ ፀጉር ያስተካክላል፤ ሲዘፍን ግን ደንበኛውን የሚያርድ ይመስላል። ኑርሁሴን ከመስጊድ እንደመጣ ጀለቢያውን አውልቆ ሚስማር ላይ ሰቀለና በካናቴራ ተቀመጠ።

ስለ አመታቱ አንድ ቀን በደንብ እጽፋለሁ እያልኩ ሦስት ዓመት አለፈ። ዛሬ ልጻፍ።

ለሥራዬ ብዙ የሜታል ከበሮ መቺ ሰምቻለሁ። አብዛኞቹ ሁሉንም ምት በአንድ ጉልበት ነው የሚመቱት፤ ሚስማር እንደሚመታ አናጢ። ፍጥነት አላቸው፣ ሌላ የላቸውም። ኑርሁሴን ፍጥነቱ አለው። ሁለት እግሮቹ የትልቁን ከበሮ ሁለት ፔዳሎች ሲረግጡ ወለሉ በጫማዬ በኩል ይነግረኛል። ግን እኩል አይረግጣቸውም። አንዱን ይጫነዋል፣ አንዱን ያቀለዋል፤ ጆንያ ተሸክሞ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው። ይህን የሚያውቀው ከሥራው ይሆናል። ጊታሩ ወደ ከባዱ ክፍል ሊገባ ሲል የፀጉር ስንጣቂ ያህል ይዘገያል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ትንፋሹን ይይዛል። ከዚያ ይለቀዋል። ዘፋኙ አየር ሲስብ ሲምባሉን፣ የብረት ሳህኑን፣ በጣቱ ይዞ ዝም ያሰኘዋል፤ የሰውየው ትንፋሽ እንዲሰማ። ሜታል ውስጥ ለሰው ትንፋሽ ቦታ የሚለቅ ከበሮ መቺ ሌላ አላየሁም።

መጀመሪያ የሰማሁት ዕለት ግን ከሁሉ የገረሙኝ ትንንሾቹ ነበሩ። በሁለት ከባድ ምቶች መካከል በዱላው ጫፍ ብቻ የሚነካካቸው ደቃቅ ምቶች። እሱም «ትንንሾቹ» ነው የሚላቸው። ከባዱ ምት ንዴት ከሆነ፣ ትንንሾቹ ሰውየው ከመናደዱ በፊት ለራሱ የሚያጉረመርመው ናቸው። እነሱን ከሰማህ በኋላ ንዴቱ ያሳዝንሃል እንጂ አያስፈራህም።

ዘንድሮ ትቷቸዋል። ዱላው ሲንቀጠቀጥ አያለሁ፤ ቆዳውን ሳይነካ የሚመለስ ይመስለኛል። በስሏል ማለት ነው። ሰው ሲበስል ይቀንሳል። ልጠይቀው ፈልጌ ተውኩት።

በዕረፍታቸው ውሃ ሲጠጣ ሌላ ነገር ጠየቅኩት። «ይሄ አመታትህ ከመንዙማ ነው አይደል? ከድቤው የመጣ።»

«ኧረ ጋሼ! አባቴ ቢሰማህ በድቤው አናትህን ነበር። እኔን ያስተማረኝ ቪዲዮ ቤት ነው።»

«ደሴ ቪዲዮ ቤት ሜታል ያሳያል?»

«ባለቤቱ እብድ ነበር፤ አላህ ይዘንለት። ከፊልሙ በፊት ሰው እንዲሰበሰብለት እሱን ይከፍተዋል። እኔ መግቢያ የለኝም፤ ውጭ ግድግዳው ላይ ጀርባዬን ለጥፌ ነበር የምሰማው። ሰውየው በእጁ ይምታው በእግሩ ምን አውቄ? ሁሉንም በእጄ ለመምታት ስሞክር ክርኔ ሊወልቅ።»

ሶሪያዊው ምን እንዳለ ጠየቀኝ። ስተረጉምለት ሳቀና አንድ ነገር ተናገረ፤ ሕንዱም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።


እሑድ፣ ነሐሴ 11

ባንቺአየሁ መጣች። ሸኽቦት ሲቲ አንድ ቪላ ውስጥ ልጆች ታሳድጋለች፤ እሑድ እሑድ ይለቋታል። በፍልሰታ ጾም ከስታለች። ለማዳም ልጆች ሥጋ ስትጠብስ ትውላለች፣ ራሷ በውሃ ነው የምትውለው።

ጫማዋን ሳታወልቅ «ምንድነው የሚጮኸው?» አለች።

«ምኑ?»

ወንበር ላይ ወጥታ ከኮርኒሱ ላይ የጢስ መጠቆሚያውን ነቀለችው። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ይጮኻል አሉ። ኩሽናውን የሚጋራን ሰው ብቅ ብሎ አራት ቀኑ ነው፣ እንዴት እንደቻለው እኔ እንጃ አላት። ባትሪው ደካማ ስለሆነ ድምፁም ደካማ ነው አልኩ።

ምሳ ላይ ሦስቴ ጠርታኝ ነበር አሉ። እሷ ልጆች እንዳይነቁ ዝቅ አድርጋ ማውራት ለምዳለች፤ እዚህም ያንኑ ታመጣለች። ይህንኑ ነገርኳት። ሳህኖቹን አነሣች።

ስትሄድ ጠረጴዛው ላይ የጆሮ ጠብታ ትታለች። ኩክ ነው ብላ ይሆናል። ይሆናል።


ረቡዕ፣ ነሐሴ 21

ሥራ። ሥራ። ሙቀቱ ስፒከሩን ራሱ ያቃጥላል። ዓርብ እንቀዳለን።


ዓርብ፣ ነሐሴ 23

ቀዳን።

ለቅጂ ኤሲው መዘጋት ነበረበት። በሩንም ዘጋን። በነሐሴ ሙሳፋህ ውስጥ የቆርቆሮ መጋዘን ዘግቶ መቀመጥ የጤና አይደለም። ዐሥራ አንድ ማይክ ተከልኩ፤ ለአንዱ ቦታ ለማግኘት ብቻ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። እጄ ሥራውን ያውቀዋል።

ሁለተኛው ዘፈን ላይ ዱላው በላብ ተንሸራትቶ ወደቀ። እጁን በጀለቢያው ጠራረገና እንደገና ጀመረ። ሦስተኛውን ባንድ ትንፋሽ ጨረሰው። መጨረሻው ላይ ጊታሩ ያቆማል፣ ዘፋኙ ያቆማል፣ እሱ ብቻውን ይቀራል። ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ፣ ክንዱን ሳያነሣ፣ በእጅ አንጓው ብቻ ለረጅም ጊዜ አንድ ነገር ሲሠራ አየሁት። ሕንዱና ሶሪያዊው እንዳይተነፍሱ አፋቸውን ይዘው ቆመዋል። እኔ የጎረቤት ጋራዥ ኮምፕሬሰር ሲያጉረመርም ነበር የምሰማው። ተናደድኩ። ከዚያ አንድ ከባድ ምት፣ አለቀ።

«እንዴት ነው ጋሼ?» አለኝ ኑርሁሴን፤ ሁለት ጠርሙስ ውሃ አከታትሎ ከጠጣ በኋላ።

«ኮምፕሬሰሩን አጠፋዋለሁ፣ አታስብ» አልኩት።

ትንሽ አየኝ። «እሺ» አለ።


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 27

ማስተካከል ጀመርኩ፤ በምሳ ሰዓትና ከሥራ በኋላ። ኮምፕሬሰሩ ሁሉም ማይክ ውስጥ ገብቷል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ጌት የምንለው አለ። በር ማለት ነው። ከአንድ ልክ በታች የሆነውን ድምፅ ሁሉ ይዘጋል፣ ከዚያ በላይ ያለው ሲመጣ ይከፈታል። ከባዱ ምት ሲመጣ ይከፈት፣ በመካከል ያለው ይዘጋ አልኩ። ኮምፕሬሰሩ ጠፋ። ንጹሕ ሆነ። የሦስተኛው ዘፈን መጨረሻ ረጅም ባዶ ስለሆነ አሳጠርኩት።

ቢሮ ውስጥ ፕሮግራም የምታወጣው ፀጋ ቡና ይዛ ስታልፍ «ጋሽዬ፣ ሲምባሉ እንደ ምላጭ ነው፤ ጥርሴን በላኝ» አለች። ለእሷ ብዬ ዝቅ አደረግኩት። እኔ ግን ደብዛዛ ሆነብኝ። የዛሬ ልጆች ሁሉን ለስላሳ ይወዳሉ።


ሰኞ፣ ጳጉሜን 3

ኑርሁሴንን ሩዌይስ ልከውታል፤ ለሁለት ሳምንት፣ በረሃ ላይ መድረክ ለመትከል። አሰናብተውትም ያሠሩታል። ኢንተርኔቱ ዘፈን አያወርድም። ስልክ ደወልኩለት።

«ሳትሰማው አልልክም» አልኩት።

ዝም አለ። ኔትወርኩ ነው።

«ሄሎ?»

«አለሁ። አንተ የሰማኸው ይበቃኛል ጋሼ። ላከው።»


ሐሙስ፣ መስከረም 1

ላክሁት። እንኳን አደረሰን። ልጃችን ብሌን ከአዲስ አበባ ደወለች፤ ስለ ትምህርቷ ብዙ አወራች፤ እሰይ እሰይ አልኩ።


ዓርብ፣ መስከረም 9

አብዱረሂም ደወለ። በዐረብኛ፣ በትሕትና። «ያንተ ሰው ጠንካራ ነው፤ ሰዓቱን አይስትም። ግን ማሽን ነው። ማሽን አለን፤ እንዲያውም ደመወዝ አይጠይቅም። እኔ የምፈልገው የሚናገር ሰው ነው።» ሌላ ሰው እንደሚያይ ነገረኝ። አላህ ይስጥልን አለና ዘጋ።

ምን ያውቃል! ሱዳናዊ ስለ ሜታል ምን ያውቃል? ኑርሁሴን ማሽን?

ሃያ አንድ ቀን ቀርቷል።


ቅዳሜ፣ መስከረም 10

ከሩዌይስ ተመለሰ። ፊቱ ተልጧል። ሰውየው ያለውን ነገርኩት፤ ለስለስ አድርጌ። «እስቲ ልስማው» አለና ማዳመጫውን አደረገ። ሦስቱንም እስከ መጨረሻው ሰማ። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። ማዳመጫውን አውልቆ ገመዱን ቀስ ብሎ ጠቀለለው።

«ጋሼ፣ ትንንሾቹ የት ሄዱ?»

«የትኞቹ?»

ወዲያው ሌላ ነገር ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

ያልተነካውን ቅጂ ክፈተው አለኝ። ከፈትኩለት። በትልቁ ስፒከር። የሦስተኛው ዘፈን መጨረሻ ላይ ሲደርስ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ አብሮ ይነካ ጀመር። «ይሄው። ይሄው። አሁን ሲሰበሰቡ፣ ይሄው።» ጣቱ እንደ ዝናብ ነበር። ጣቱን እያየሁ ጭንቅላቴን አብሬ ነቀነቅኩ።

«ሰማሁ» አልኩት። «ጌቱ ነው የበላቸው። ደክሞኝ ነበር።»

«አዎ፣ ደክሞህ ነው» አለ ቶሎ ብሎ። «ሰው ይሳሳታል። ኸላስ።»

እንዲያ ሲለኝ ቀለል አለኝ። አሁን ስጽፈው አይቀልም።


ማክሰኞ፣ መስከረም 13

ያልተነካውን ቅጂ ለአብዱረሂም ልላክ አልኩ። ኢሜይሉን ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩት መጻፍ አለብኝ። «በስሕተት» ብዬ ጻፍኩ። በስሕተት ሦስት ዘፈን ሙሉ? አሥራ አራት ዓመት የሠራ ሰው? «የቴክኒክ ችግር» ብዬ ቀየርኩት። ዘጋሁት።

ሱዳናዊው ከሙዲራችን ጋር ይተዋወቃል። እዚህ አገር የድምፅ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ከዚህ ወንበር ላይ ብነሣ ማን ያስቀምጠኛል?

አሥራ ሰባት ቀን።


ሐሙስ፣ መስከረም 15

መጋዘን ውስጥ ገመድ ስጠቀልል ከመደርደሪያው ማዶ ሾፌራችን ኑሩ ከአንድ ጫኝ ጋር ያወራ ነበር። ኑሩ ድምፁ ከጉድጓድ ነው የሚወጣው፤ ወፍራም ነው፤ የእሱ አንድም አያመልጠኝም።

«ኑርሁሴን ሲሄድ ለሽማግሌው ወዮለት» አለ። «ሁለት ዓመት ሙሉ አዳራሹ መሐል እየቆመ፣ ስፒከር ሲጮህ ሮጦ እሱ ነው የሚቀንስለት።»

ጫኙ የመለሰውን አልሰማሁም።

«አሃ፣ ማን ይነግረዋል? አንተ ትነግረዋለህ? ኑርሁሴን እንኳ የራሱን እንጀራ የሚወስነውን ቅጂ ለእሱ ሰጠው። ለሌላ ቢሰጥ ሽማግሌው እንዳወቅንበት ሊያውቅ አይደል? አፈረ። ይሉኝታ ገደለው በለኝ።»

ገመዱን ጠቅልዬ ጨረስኩ። ሌላ ገመድ አነሣሁ።


ቅዳሜ፣ መስከረም 17

መስቀል። ብዙዎቹ ጸሎት ሄደዋል። አልሄድኩም።

ስልክ ላይ የጆሮ መለኪያ አለ። ድምፅ ሲሰማህ ተጫን ይላል። ወፍራሞቹን ተጫንኩ። ከዚያ እየቀጠነ ይሄዳል። ጣቴን አዘጋጅቼ ጠበቅኩ። ጠበቅኩ። አልቋል አለኝ። እኔ ገና የሚጀምር መስሎኝ ነበር።

ስልኩ ርካሽ ነው። የፀጋን ስልክ ተዋስኩ። ያው ነው።

ለባንቺአየሁ ደወልኩ። ቪላው ውስጥ ልጆች ይንጫጫሉ መሰለኝ፣ ወጥታ አነጋገረችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» አልኳት።

ምኑን ብላ አልጠየቀችኝም። «ሁለት ዓመት ይሆናል» አለች። «ራስህ እስክትነግረኝ ብዬ ነው።»

ሁሉም ያውቃል። ሁሉም አክብሮኛል። አክብረው አክብረው እዚህ አደረሱኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን እኔ ነኝ በሩን የዘጋሁት። እነሱ አይደሉም።


እሑድ፣ መስከረም 18

አል ዐይን ሄጄ መጣሁ፤ ብቻዬን፣ በአውቶቡስ። ለኑርሁሴን አልነገርኩትም። ሁለት ሰዓት ሙሉ የምናገረውን በዐረብኛ ሳሰናዳ ነበር። ከመስኮቱ ውጭ አሸዋው ቢጫ ነበር፣ ከዚያ ቀይ ሆነ።

አብዱረሂም ከእኔ ያረጀ ሰው ነው። ነጭ ጺም፣ ትልልቅ እጆች። የትርዒቱ ልምምድ የሚደረግበት አዳራሽ ውስጥ ተቀበለኝ። ሻይ አስመጣ።

ያሰናዳሁት ጠፋብኝ። «ያን ቅጂ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ቀጭን ድምፅ አልሰማም። ትንንሽ ምቶቹን የሌሉ መስለውኝ ዘጋኋቸው። ሰውየው ማሽን አይደለም።»

ያልተነካውን አወጣሁለት። ሰማው። እኔ ድምፁን ትቼ ፊቱን ነበር የምሰማው። ሦስተኛው ዘፈን መጨረሻ ላይ የሻዩን ብርጭቆ ወደ አፉ እያመጣ ነበር፤ መንገድ ላይ አቆመው። እስኪያልቅ እዚያው አየር ላይ ያዘው።

«ይሄንን ነው የቆረጥከው?»

«አዎ።»

«አስተግፊሩላህ» አለ። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ባለፈው ማክሰኞ ለአንድ ሊባኖሳዊ ቃል ሰጥቻለሁ። ገና አልፈረምንም። ሐሙስ ሁለቱንም ጎን ለጎን እሰማለሁ። ቅጂ አልፈልግም። ሰውየውን አምጣው።»

በር ድረስ ሸኘኝ። ከእንግዲህ ምን ልትሠራ ነው ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት።


ሰኞ፣ መስከረም 19

ለኑርሁሴን ነገርኩት። ሐሙስ ትመታለህ አልኩት። እንዴት ሆነ አለኝ። ያልተነካውን ላክሁለት አልኩት። ዋሸሁ ማለት አይደለም፤ አጎደልኩ።


ሐሙስ፣ መስከረም 22

ሁለታችንም ፈቃድ ወሰድን። ሙዲሩ የታመመ ዘመድ አለን ያልነውን ያመነን አይመስለኝም።

ሊባኖሳዊው ቀድሞ መታ። ወጣት ነው፣ ጥሩ ነው፣ ዱላውን ያሽከረክራል። የዳንሱ ልጆች አጨበጨቡለት። ኑርሁሴን ጥግ ላይ ቆሞ እጆቹን ብብቱ ውስጥ አድርጎ ነበር።

ተራው ሲደርስ ወንበሩን ለራሱ ዝቅ አደረገ። ጀመረ። እግሮቹ ሲገቡ በጫማዬ ሰማሁ፤ ያ ያልተካከለ አረጋገጡ። መድረኩ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚሉት መብራት ሠራተኞች ዞር ብለው አዩት። ደቂቃ እንደሞላው አብዱረሂም እጁን አነሣ። ኑርሁሴን አቆመ። አለቀልን አልኩ።

«ኤሲውን ዝጉ» አለ አብዱረሂም። «በሩንም። የሚያወራ ይውጣ።»

ኤሲው ተዘጋ። «እንደገና። ከመጨረሻው ክፍል።»

ኑርሁሴን ጭንቅላቱን ዝቅ አደረገ። የእጁ አንጓ መሥራት ጀመረ። ለእኔ አዳራሹ ጸጥ ያለ ነበር። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ነበሩ፤ የማይሰማ ነገር ላይ አንገታቸውን አስግገው ነበር። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ መወልወያዋን እንደያዘች ደጃፉ ላይ ቀርታለች። ሊባኖሳዊው ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አንገቱን ደፍቷል። የራሱ ዕድል እየሄደ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ግን አልተንቀሳቀሰም፣ ማድመጥ ይፈልጋል። በዚህ አወቅኩ። ከበሮ መቺ ከበሮ መቺን አይዋሽም።

ከዚያ ከባዱ ምት። እሱን ሰማሁት። የጽዳት ሠራተኛዋ ደነገጠች፤ ከዚያ ሳቀች።

አብዱረሂም ወደ እኔ እያየ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «የማይሰማ ሰው ቀድቶህ ነው እንጂ፣ ያን ዕለት ነበር የምቀጥርህ» አለው ኑርሁሴንን። ውሉን ዛሬውኑ እንዲያዘጋጁ አዘዘ። ኢቃማው ሳያልቅ ዝውውሩን ይጀምራሉ።

አውቶቡስ ውስጥ ገባን። ግማሽ መንገድ ላይ ኑርሁሴን ወደ ቀኝ ጎኔ ዞሮ ተቀመጠ። ሁልጊዜ በቀኝ ጎኔ ነው የሚቀመጠው። ለካ የተሻለው ጆሮዬ በዚያ በኩል ነው።

«ነገርከው» አለኝ።

«ነገርኩት።»

«ለባዕድ። በሰው ፊት እስኪያወራብህ። ሁለት ዓመት እኮ ነው እኔ…» ጨርሶ አልተናገረውም። «አንድም ሰው እንዳያውቅብህ ብዬ ስንት አዳራሽ ስሮጥ። ሌላ አገር፣ ኸሚስ ሙሸይጥ፣ የሚያስኬድ ሥራ እንኳ መጥቶልኝ ቀርቻለሁ፤ ማን ይቆምለታል ብዬ።»

«ቅጂውን ለሌላ ሰው መስጠት ነበረብህ።»

«አንተን ትቼ?»

«አዎ፣ እኔን ትተህ! ልጆች አሉህ፣ ደሴ ሦስት ልጆች አሉህ! ንገረኝ ነበር። አትሰማም በለኝ ነበር።»

«እንዴት ብዬ? ምን ብዬ ነው እንዲህ የምልህ? አንተ እኮ…» ወደ መስኮቱ ዞረ። «አንተስ ለምን አልነገርከኝም?»

የፊታችን ወንበር ላይ ያሉት ፓኪስታናውያን ዞረው አዩን።

ሙሳፋህ ልንደርስ ስንል «ማን ይቆምልሃል አሁን?» አለኝ፤ ለስለስ ብሎ።

«ማንም» አልኩት።


ረቡዕ፣ መስከረም 28

ሄደ። ኑሩ በጭነት መኪናው አደረሰው። ያለው አንድ ሻንጣ፣ ሁለቱ ፔዳሎችና ጀለቢያው። ሶሪያዊው ፀጉሩን በነፃ አስተካክሎለት ነበር፤ ምልምል ወታደር አስመስሎታል። ጉልበቴን ሊነካ ጎንበስ ሲል ያዝኩት። ሁለታችንም ያን ቀን ያወራነውን አላነሣንም። ያስቀየመውን እንዳልረሳው ዐይኑ ላይ አያለሁ። ይያዝብኝ።

ፀጋ እሑድ አል ኻሊዲያ ሠርግ አለ ብላ ወረቀት ሰጠችኝ። ሰባት ማይክ። አራት መቶ ሰው።


እሑድ፣ ጥቅምት 2

ሆቴሉ የደረስነው ጧት ነው። አዲሶቹ ጫኞች፣ አንዳቸውንም አላውቃቸውም፣ ስፒከሮቹን አቁመው ጨረሱ። ፀጋ መዝገቧን ይዛ ነበር። ሙዲሩም መጥቷል፤ ትልቅ ደንበኛ ስለሆነ። ዴስኩ አዳራሹ መሐል ነበር፣ ምሰሶ የሌለበት።

የመጀመሪያውን ማይክ ከመክፈቴ በፊት እጄ ቁልፉ ላይ ቀረ። ማንም መሐል ላይ አልቆመም።

«አንድ ጊዜ» አልኩ። ከፍ አድርጌ ሳልናገር አልቀረሁም፤ ሁሉም ዞሩ። በእንግሊዝኛ ነው የተናገርኩት፣ ሁሉም እንዲገባው። «ቀጭን ድምፅ አልሰማም። ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖኛል። ስፒከር ሲጮህ እጃችሁን አንሡልኝ፤ እኔ አላውቅም።»

ከጫኞቹ አንዱ የሚቀልድ መስሎት ሳቀ። ፀጋ ክርኑን መታችው። ከዚያ መዝገቧን ወንበር ላይ ጣል አድርጋ ሄዳ አዳራሹ መሐል ቆመች፤ እጇን ከአሁኑ ግማሽ አንሥታ።

ሙዲሩ ከበሩ አጠገብ ነበር። ስልኩን ኪሱ ከተተ። ወደ እኔ እያየ አንድ ነገር ተናገረ፤ ረጅም አልነበረም።

ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲሆን የሰማሁ መስዬ ጭንቅላቴን እነቀንቅ ነበር።

«አልሰማሁም» አልኩት። «ድገምልኝ።»